አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ሰው

ባለፈው ክረምት የሟች ወንድሜ ልጅ አንድ ቦክስ ጊታር በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ ይዞ መጣ። ጊታሩ የአባቱ ነበር። ፊቱ ገረጣ ያለ እንጨት ሲሆን ላዩ ላይ ውኃ የመሰለ፣ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ተቀብቷል። ልጁ ይህንን አይወደውም። የሚፈልገው በየቪዲዮው የሚያያቸውን ዓይነት፣ መሐሉ ማር መስሎ ወደ ጠርዙ እየጠቆረ የሚሄደውን ነው። አንድ ወጣት አናጺ ዘንድ ወስዶት ኖሮ፣ አናጺው ቫርኒሹን እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቆ እንደ አዲስ እንደሚቀባለት ነግሮት፣ ዋጋም ተነጋግረዋል። ወደ እኔ የመጣው ምክር ሽቶ አይደለም፤ ለፈቃድ ነው። የወንድሜን ውርስ ያጣራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ጊታሩ ገና ያልተከፋፈለ የውርስ ንብረት እንደሆነና እህቱም እኩል ድርሻ እንዳላት አንድ ቀን ቀልድ አስመስዬ ነግሬው ነበር። ልጁ ቀልዱን በቁም ነገር ይዞታል።

ፍቆ መቀባት የሚለው ነገር አልዋጥልህ ስላለኝ፣ ልጁን ይዤ መርካቶ ውስጥ የቤት ዕቃ ሲቀቡ ጸጉራቸው ወደ ሸበተ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወረድኩ። ሽማግሌው ጊታሩን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ በጥፍራቸው ቆንጠር አደረጉት፣ ከዚያም መፋቅ የሚባል ነገር እንደማያስፈልግ አስረዱን። የእሳቸው ሐሳብ ይህ ነው። ቀለም ለባዶ እንጨት ከተሰጠ እንጨቱ እንደፈለገው ይጠጣዋል፤ አንዱ ቦታ ይጠቁራል፣ ሌላው ቦታ ይነጣል፣ ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ግን እንጨቱን ደፍኖ ይዟል። ላዩን ከሰምና ከእጅ ቅባት አጽድቶ፣ በጣም በላመ ብርጭቆ ወረቀት ብልጭታውን ብቻ አደብዝዞ፣ ቀለም የገባበትን ስስ ቫርኒሽ ደጋግሞ መደረብ ይቻላል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርም። ቀለሙ እንጨቱ ውስጥ ሳይሆን በድርቡ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ያልወደደው ሰው በጥንቃቄ አንስቶ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላል። ከባዱ ነገር የታችኛው ቫርኒሽ ምን እንደሆነ ማወቁ ነው። አንዳንዱ ከአዲሱ ጋር ይዋሃዳል፣ አንዳንዱ አልቀበልም ብሎ ይልጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ በአዲሱ ፈሳሽ ተሸማቅቆ እንደ አዞ ቆዳ ይሆናል። ስለዚህ በማይታይ ቦታ ሳይሞከር ፊቱ ላይ ብሩሽ አይነካም።

ያን ዕለት ማታ፣ በተማሪነቴ ጊዜ አንብቤው የተውኩትን የአንድ ጣሊያናዊ ታሪክ እንደገና መፈተሽ ጀመርኩ። ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የአውሮፓ ጠቢባን የአንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች ቀይ ቀለም ምስጢሩ ምንድን ነው እያሉ ሲመራመሩ፣ ሲማረሩ፣ አንዳንዴም ሲዋሹ ኖረዋል። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘው መልስ ግን የመርካቶው ሽማግሌ በአሥር ደቂቃ ከነገሩን ብዙ የራቀ አይደለም። ሰውየው ታላቅ ነው፤ ለምን ታላቅ እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን በተሳሳተ ቦታ ስንፈልግ የቆየን ይመስለኛል።

ስትራዲቫሪ መቼ እንደተወለደ የሚያረጋግጥ የጥምቀት መዝገብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። 1644 ገደማ የሚባለው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእርጅናው ዘመን በሠራቸው አንዳንድ ቫዮሊኖች ውስጥ በለጠፈው ወረቀት ላይ ዕድሜውን ስለጻፈ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። በሕግ ሰው ዓይን ይህ ባለጉዳዩ ለራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው፤ ሌላ እስኪገኝ ድረስ ይዘነው እንቆያለን። የኖረውና የሞተው በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፖ ወንዝ ዳር ባለችው ክሬሞና ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያ ዘመን በስፔን ዘውድ ሥር ነበረች።

ክሬሞናን የቫዮሊን አገር ያደረጋት የአማቲ ቤተሰብ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሳለ በ1630 ወረርሽኝ ገባና የኒኮሎ አማቲን አባት ገደለ። ኒኮሎ ሥራው ብቻውን ወደቀበት። ከቤተሰብ ውጪ ተማሪ ማስገባት የግድ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ወረርሽኙ ባይኖር ኖሮ ሙያው ከአንድ ቤት ጓዳ መቼ ይወጣ ነበር የሚለውን ጥያቄ አንባቢ ያስብበት። ስትራዲቫሪ በ1666 በሠራው ቫዮሊን ውስጥ ራሱን የኒኮሎ አማቲ ተማሪ ብሎ የጠራበት ወረቀት አለ። ሆኖም በአማቲ ቤት እንደኖረ የሚያሳይ መዝገብ ስላልተገኘ አጥኚዎች ይከራከሩበታል። አንዳንዶች በመጀመሪያ የእንጨት ቅርጽ አውጪ ነበር ይላሉ። ለዚህ ግምት መነሻ የሚሆናቸው፣ እንዳገባ የተከራየው ቤት ባለቤት የእንጨት ቅርጽ ባለሙያ መሆኑና የስትራዲቫሪ የጥንት ሥራዎች በሚያስደንቅ ጌጥ የተሞሉ መሆናቸው ነው።

ጋብቻውም ለሕግ ሰው የሚጥም ነው። በ1667 ያገባት ፍራንቼስካ ፌራቦስኪ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ባሏ የሞተው በሕመም አይደለም፤ በ1664 የገዛ ወንድሟ አደባባይ ላይ ገድሎት ነው። ወንድሟ ከከተማው እንዲሰደድ ተፈረደበት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈችን ሴት ወጣቱ ባለሙያ አገባ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ። በ1698 ስትሞት ወግ ባለው ቀብር ሸኛት። በዓመቱ አንቶኒያ ዛምቤሊን አገባ፤ ከእሷም አምስት ልጆች ተወለዱ። የመጀመሪያዋ ሚስት ልጆች የሆኑት ፍራንቼስኮና ኦሞቦኖ ከአባታቸው አጠገብ ሲሠሩ ኖሩ።

በ1680 በሳን ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ ቤት በ7,000 ሊሬ ገዛ። ከፊሉን በእጁ ከፈለ፣ ቀሪውን በአራት ዓመት ሊያጠናቅቅ ተስማማ። ምድር ቤቱ መሥሪያና መሸጫ፣ መካከሉ መኖሪያ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን ግን ጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ሰገነት ነው። በዚያ ከተማ ሰዎች ልብስና ፍራፍሬ የሚያደርቁበትን ይህንን ሰገነት ስትራዲቫሪ ቫርኒሽ ማድረቂያ አደረገው። ቫዮሊኖቹ ተቀብተው እንደ ቋንጣ ተሰቅለው ፀሐይና ነፋስ ይጠብቁ ነበር። የዘይት ቫርኒሽ ትዕግሥት የሌለውን ሰው ያዋርዳል። ከእጁ ወጡ ከሚባሉት በጣም ጥቂት ጽሑፎች አንዱ፣ በ1708 ለደንበኛ የጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራው የዘገየው በቫርኒሹ ምክንያት መሆኑን ገልጾ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነው። በዓለም የታወቀው ባለሙያ እንደ ማንኛውም አናጺ ስለ ቀጠሮ ማሳለፍ ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ደስ ይላል።

ስትራዲቫሪን የቫዮሊን ሠሪ ብቻ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ሃርፕም፣ ማንዶሊንም፣ ጊታርም ሠርቷል። ከጊታሮቹ እስከ ዛሬ የቆዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የ1679ኙ ሳቢዮናሪ የሚባለው፣ በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ያለው የ1688ቱ፣ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ብሔራዊ የሙዚቃ ሙዚየም ያለው የ1700ው ከእነዚህ መካከል ናቸው። የዚያ ዘመን ጊታር እንደ ዛሬው ስድስት ክር አልነበረውም፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ አምስት ጥንድ ክሮች ነበሩት። አካሉ ጠባብ፣ ድምፁ ረቂቅ ነው። ሳቢዮናሪ ላይ የደረሰው ነገር በጊዜው አስተሳሰብ ወንጀል አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሰዎች ፋሽኑ አልፎበታል ብለው ወደ ስድስት ክር ጊታር ለወጡት። በእኛ ዘመን ደግሞ ሌሎች ባለሙያዎች የተጨመረውን እያነሱ ወደ አምስት ጥንዱ መለሱት። ዛሬ ይደመጣል። የለወጡት ሰዎች መሣሪያውን ለማበላሸት አላሰቡም፤ የወደዱትን ነገር ሊገለገሉበት ፈለጉ እንጂ። የወንድሜ ልጅም እንዲሁ ነው።

ቫዮሊኖቹም ከዚህ አላመለጡም። ዛሬ ስትራዲቫሪ ተብለው በመድረክ የሚሰሙት ከሞላ ጎደል በሙሉ አንገታቸው ተቀይሯል፤ ክሩን ለማጥበቅና ድምፁን ለማጉላት ሲባል በውስጣቸው ያለው ድጋፍ በወፍራም ተተክቷል። ከ1,100 በላይ መሣሪያ እንደሠራ ይገመታል፤ ወደ 650 ገደማ የሚሆኑት አሉ። ሳይነካ የቀረ ግን ጥቂት ነው። በ1690 ለቶስካና ገዢ ለሜዲቺ ቤተሰብ የሠራው ትልቁ ቫዮላ ፍሎረንስ ውስጥ እንደ ተሠራ መገኘቱ እንደ ተአምር የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። በወጣትነቱ የሠራቸው መሣሪያዎች የአማቲን ፈለግ የተከተለ ወርቅማ ቢጫ አላቸው። እያደር ግን ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ ሄደ። ከ1700 እስከ 1720 ባለው፣ ወርቃማ በሚባለው ዘመኑ ከእጁ የወጡት ከውስጥ እሳት የተለኮሰባቸው ይመስላሉ። ብርሃኑ ቀዩን አልፎ ገብቶ፣ ሥር ካለው እንጨት ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ዓለም ያበደው በዚህ ነው። ድምፁ ከዚህ ቫርኒሽ ይመጣል፣ ቫርኒሹም በአንድ በጠፋ ምስጢር ተሠርቷል የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዘሮቹ አንዱ፣ የምግባዘቱ ዝርዝር በ1704 በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ ተጽፎ እንደነበረ፣ እሱም ገልብጦ ከያዘው በኋላ መጽሐፉን እንዳስወገደው ተናገረ። ቅጂውን ግን ለማንም አላሳየም። እኔ ዳኛ ብሆን ይህ ጉዳይ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም። የመጀመሪያውን ሰነድ በገዛ እጁ ያጠፋ፣ ቅጂውንም ለፍርድ ቤት የማያቀርብ ሰው ምንም አላስረዳም። ያም ሆኖ ወሬው መቶ ዓመት ተሻግሮ ዛሬም ይነገራል።

እውነተኛው ማስረጃ የተገኘው ከራሱ ከቫርኒሹ ነው። በፓሪስ የሙዚቃ ሙዚየም ተመራማሪ የሆኑት ዣን ፊሊፕ ኤሻርና ባልደረቦቻቸው በሙዚየሙ ከሚገኙ አምስት የስትራዲቫሪ መሣሪያዎች ላይ በዓይን የማይለዩ ፍንካቾች ወስደው መረመሩ፤ ውጤቱን በ2009 አሳተሙ። ከእንጨቱ ጋር ተያይዞ የተገኘው የመጀመሪያው ሽፋን ሠዓሊዎች ይጠቀሙበት የነበረው፣ እንደ ተልባ ዘይት ያለ ሲደርቅ የሚጠና ዘይት ነው። ይህ ሽፋን ቀለም የለውም። በእሱ ላይ ከዘይትና ከዛፍ ሙጫ የተሠራ፣ ከወረቀት የቀጠነ ሌላ ድርብ አለ። ቀዩ የተገኘው በዚህ በላይኛው ውስጥ ነው፤ የብረት ዝገት ዘር የሆነ ቀይ አፈር፣ በሌላው ላይ ደግሞ ኮቺኒል ከተባለች ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ቀይ። ሁለቱም በዘመኑ የሠዓሊ ገበታ ላይ የነበሩ፣ ከመድኃኒትና ከቀለም ነጋዴ ሱቅ የሚሸመቱ ነበሩ። የተፈጨ ዕንቁ፣ የተቀበረ ማዕድን፣ የመነኩሴ ምስጢር የለም። ታችኛው እንጨቱን ደፈነ፣ ላይኛው ቀለሙን ተሸከመ።

ይህ ሲባል ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። በ2022 የጣሊያን ተመራማሪዎች ይበልጥ በረቀቀ መሣሪያ ሁለት የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖችን ሲፈትሹ በእንጨቱና በቫርኒሹ መካከል ከፕሮቲን የተሠራ ስስ ነገር አግኝተዋል። በታይዋን የሚገኙ ተመራማሪዎች ደግሞ እንጨቱ ራሱ በተለያዩ ማዕድናት ታክሞ እንደነበረ ጽፈዋል። ክርክሩ ይቀጥላል። ስለ ድምፁ ከተባለ ግን፣ በ2012 ፓሪስ አጠገብ አሥር ስመ ጥር ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸው ተጋርዶ አሮጌና አዲስ ቫዮሊኖችን ሲሞክሩ ስድስቱ የመረጡት አዲስ ነበር። ይህን የሰሙ የአሮጌ ቫዮሊን ባለቤቶች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልምጣ። ስትራዲቫሪ በስስ ድርብ ቀለም እንዳኖረ ሁሉ፣ ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎችም በእሱ ድርብ ላይ የራሳቸውን ደረቡ። የመሣሪያው ቀለም በተጫዋቹ አገጭና እጅ ሲበላ፣ ጠጋኞች ያንን ቦታ በሚመስል ቀለም ይነካኩታል። ከዚያም ሁሉንም አንድ ለማስመሰል፣ ከነፍሳት የሚገኘውንና በአልኮል የሚሟሟውን ሸላክ በጨርቅ እያሹ ያብለጨልጩታል። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በትልልቅ ሱቆች ይህ የዘወትር ሥራ ነበር። ስለዚህ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ቆመን የስትራዲቫሪን ቀለም አየን ስንል፣ ብዙ ጊዜ የምናየው የብዙ ሰዎችን እጅ ነው። ዛሬ ባለሙያዎች መሣሪያውን በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያዩታል። ሸላኩ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል፣ አሮጌው ቫርኒሽ በሌላ ቀለም ይለያል፣ የተነካካው ቦታ ጥቁር ጠባሳ ይመስላል። የማስረጃ ሕግ ያስተማሩኝ መምህር ይህን ቢያዩ ኖሮ ትምህርቱን በዚህ ይጀምሩት ነበር።

ከደራቢዎቹ ሁሉ ስሙ የሚነሳው የፓሪሱ ዣን ባፕቲስት ቪዮም (1798 - 1875) ነው። ቪዮም የስትራዲቫሪን ሥራ ከሁሉ በላይ ያጠና ሰው ነበር። አዲስ ቫዮሊን ሠርቶ፣ በቫርኒሹ ላይ የመቶ ዓመት እጅ የበላው የሚመስል ገጽታ ያወጣበት ነበር። ነገር ግን አብዛኛውን የራሱን ስም ለጥፎ ሸጠው፤ ገዢውም የገዛውን ያውቃል። ይህ ሙያ ነው። በሌላ በኩል በጀርመንና በቦሔሚያ መንደሮች እንደ ዳቦ ከተመረቱት ርካሽ ቫዮሊኖች ብዙዎቹ የስትራዲቫሪን ስም የያዘ ወረቀት ተለጥፎባቸው ወደ ዓለም ተበተኑ። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የታሪፍ ሕግ ከውጪ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላስገደደ፣ ከዚያ በኋላ የገቡት ውስጥ ከስትራዲቫሪ ስም ሥር በጀርመን የተሠራ የሚል ይነበባል። በጣሪያ ሥር አሮጌ ቫዮሊን አግኝቶ ሚሊየነር ሆንኩ ብሎ የተነሳ ስንቱ ሰው በዚያች አንዲት መስመር ተመልሶ ተቀምጧል! ወረቀት ማስረጃ አይደለም፤ ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ሲመሳከር ነው ማስረጃ የሚሆነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መሲሕ የሚባለው የ1716 ቫዮሊን ታሪክ ነው። ስትራዲቫሪ ሳይሸጠው ሞተ። የመጨረሻ ልጁና የጨርቅ ነጋዴ የሆነው ፓኦሎ፣ ሙያው ከቤተሰቡ ካለቀ በኋላ፣ ከ1775 ጀምሮ ቫዮሊኑንም የአባቱን ቅርጽ ማውጫዎችና መሣሪያዎችም ኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ለተባለ ወጣት መኮንን ሸጠ። ከዚያ ቫዮሊኑ ሉዊጂ ታሪሲዮ ለሚባል ነጋዴ እጅ ገባ። ታሪሲዮ በየሄደበት ስለዚህ ቫዮሊን ያወራል እንጂ አያሳይም። መሲሕ የተባለውም ሁልጊዜ ይመጣል እየተባለ የማይመጣ ስለሆነ ነው። ሰውየው በ1854 ሲሞት ቪዮም ፈጥኖ ሄዶ ገዛው። ዛሬ አሽሞሊያን ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተዘግቶ ይገኛል፤ አይጫወቱበትም። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። አልተበላም፣ አልተነካካም፣ የማንም ድርብ አልሸፈነውም። በዚህም ምክንያት ተጠረጠረ! በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ አጥኚ ቫዮሊኑ የስትራዲቫሪ ስለመሆኑ ጥያቄ አነሳ፤ ብዙዎች በቪዮም ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ተመራማሪዎች የእንጨቱን ዓመታዊ ቀለበቶች ቆጠሩ። የመጨረሻው ቀለበት ከ1716 በፊት የበቀለ ሆኖ ተገኘ፤ በሌሎች የስትራዲቫሪ መሣሪያዎች ላይ ካለው እንጨት ጋርም ተመሳሰለ። ጥርጣሬው ለብዙዎች እዚያ ላይ አበቃ። ሦስት መቶ ዓመት የሌላ ሰው ቀለም ስናይ ኖረን፣ የራሱን ቀለም ስናይ ሐሰተኛ አልነው። ገበያው ግን ይህን ከምሁራኑ ቀድሞ የገባው ይመስላል። ቫርኒሹ እጅግ በደህና ከቆየላቸው አንዷ የሆነችው የ1721ዷ ሌዲ ብላንት በ2011 ለጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች መርጃ በጨረታ ስትሸጥ 15.9 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

የሰውየው የመጨረሻ ዓመታት እንደ ሥራው የተስተካከሉ አልነበሩም። ሀብታም ነበር፤ በከተማው ስሙ ለሀብት መለኪያ ሆኖ ይጠቀስ ነበር ይባላል። በ1729 በሳን ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሌላ ቤተሰብ የነበረን መቃብር ገዝቶ በድንጋዩ ላይ ስሙን አስቀረጸ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ለሚሆን ሞት። በዚያው ዓመት ያደረገው ኑዛዜ በእኛ ዘመን ከመዝገብ ቤት ተገኝቷል። ኑዛዜውን እንደ ሙያ ሰው ሳነበው ሳቅም ሐዘንም መጣብኝ። መሥሪያ ቤቱን ለበኩሩ ለፍራንቼስኮ ተናዘዘ። ኦሞቦኖን ግን በወጣትነቱ ወደ ናፖሊ ሄዶ የቆየበትንና አባቱን ያስወጣውን ገንዘብ ቆጠረበት። ከሰላሳ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ ከአባቱ ወንበር አጠገብ ሲፍቅና ሲያለሰልስ ኖሯል። በቫርኒሽ ላይ ያን ያህል የታገሠ ሰው በልጁ ላይ አልታገሠም። ፍራንቼስኮም ቢሆን የወረሰውን ብዙ አልተጠቀመበትም፤ አባቱ እስኪሞት የአባቱ ሠራተኛ ነበርና።

ሚስቱ አንቶኒያ በ1737 መጀመሪያ ሞተች። እሱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ከዘጠና ዓመት ባላነሰ ዕድሜ ተከተላት። እስከዚያው ዓመት ድረስ ይሠራ ነበር። በእርጅናው የሠራቸው ቫዮሊኖች የተንቀጠቀጠ እጅ ምልክት አላቸው። ኦሞቦኖ በ1742፣ ፍራንቼስኮ በ1743 ሞቱ። ቤተ ክርስቲያኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በ1860ዎቹ መጨረሻ ሲፈርስ አጥንቱ ከሌሎች አጥንት ጋር ተደባልቆ ቀረ፤ ዛሬ ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ነው። ቤቱም ከነሰገነቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈርሷል። የተረፈው የመቃብሩ ድንጋይ ነው። ፓኦሎ የሸጣቸው ቅርጽ ማውጫዎችና መሣሪያዎችም ከእጅ ወደ እጅ ዞረው፣ በ1930 አንድ ቫዮሊን ሠሪ ለከተማዋ በስጦታ ስለመለሳቸው ክሬሞና ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ።

የወንድሜን ልጅ ጊታር ነገር ሳልጨርስ እንዳልሄድ። ሽማግሌው ዘንድ ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ የልጁ እህትም አብራን ነበረች። ሽማግሌው አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት በኩል፣ ከጀርባ፣ የአውራ ጣት ታህል ቦታ አደብዝዘው ማር የመሰለውን ቀለም ሦስት ጊዜ ደረቡ። በማግስቱ ስናየው ያምራል። አልላጠም፣ አልተሸማቀቀም። ልጁ ፊቱ በራ። እህቱ ግን ጊታሩን ገልብጣ ፊት ለፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። በአባቷ ጭን ላይ የምታስታውሰው ያ ገርጣታ እንደሆነ፣ ሌላ ቀለም ከለበሰ እንደማታውቀው ተናገረች። ልጁ ድርቡ መልሶ ሊነሳ እንደሚችል አስረዳት። እሷም መልሶ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ዝም ተባባልን። በሕግ እኩል ባለድርሻዎች ናቸውና እኔም የምፈርደው ነገር አልነበረም።

ጊታሩ አሁን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጀርባው የአውራ ጣት የምታህል ማር አለችው። ሽማግሌው የተረፈውን ቀለም በትንሽ ጠርሙስ አድርገው ሰጥተውናል። ልጁ በመጣ ቁጥር ከመሳቢያው አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዞ ያየዋል፣ ከዚያም መልሶ ያስቀምጠዋል።